ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር? የድርጅት ሲስተም መግቢያን የመገደብ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አስመጪ ድርጅት ስሠራ አንዲት ካሸር ባላጠፋችው ጥፋት ስትጠረጠር አየሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ አንድ ደረሰኝ ተሰርዟል። ሲስተሙ የሰረዘው «ካሸር 1» ነው ይላል። «ካሸር 1» የእሷ መግቢያ ነው። ፓስወርዱን ግን አምስት ሰው ያውቀዋል። ሞኒተሩ ጥግ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ልጅቷ «እኔ አይደለሁም» ማለት ትችላለች፤ ማስረዳት ግን አትችልም። ነገሩ ሳይጣራ ሁለት ሳምንት አለፈ። እሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሠራች።

የመግቢያ ገደብ ሲጀመር ሠራተኛው «አታምኑንም ማለት ነው?» ይላል። እኔ ያን ጊዜ ትዝ የምትለኝ ያቺ ካሸር ናት። ፓስወርዷ የእሷ ብቻ ቢሆን፣ መግቢያዋም ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢዘጋ፣ ስሟን የሚያነሳ አይኖርም ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ዊንዶውስ ሰርቨርና አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላለው መሥሪያ ቤት ነው። ማለትም ሠራተኞች በየኮምፒውተሩ ሲገቡ ስማቸውና ፓስወርዳቸው በአንድ ሰርቨር ላይ የሚጣራበት ቤት። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል፤ በእሱ ሥር ያሉት ኮምፒውተሮችና አካውንቶች በአንድነት ዶሜይን ይባላሉ። ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዊንዶውስ ፕሮፌሽናል ወይም ኢንተርፕራይዝ መሆን አለበት። «ሆም» የሚባለው ዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ አይገባም። ብዙ ቢሮዎች ላፕቶፕ ሲገዙ ይህን ስለማያዩ በኋላ ይቸገራሉ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀት

ሰርቨሩን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የሠራተኛው ስም፣ የሥራ ክፍሉ፣ የሚገባበት ኮምፒውተር፣ የሚገባበት ሰዓት። ይህን ብቻችሁን አትሙሉት። የየክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። የመጋዘን ኃላፊው ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃ እንደሚያስገባ እናንተ ላታውቁ ትችላላችሁ። እሱ ግን በገደቡ ምክንያት መኪና ቆሞ ሲጠብቅ ስልክ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

ሰንጠረዡን ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት። ሰው «ለምን ተዘጋብኝ?» ሲል መልሱ የአይቲ ሠራተኛው ፍላጎት መምሰል የለበትም። የድርጅቱ ውሳኔ ነው።

ደረጃ 2፦ ለራሳችሁ መውጫ በር

ገደብ ስትሠሩ ራሳችሁን ውጭ ልትዘጉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለተኛ የአስተዳዳሪ አካውንት ፍጠሩ። ረጅም ፓስወርድ ስጡት። በወረቀት ጻፉት፣ በፖስታ አሽጉት፣ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት። ይህ አካውንት የሰዓትም የኮምፒውተርም ገደብ አይደረግበትም። ለዕለት ሥራ አትጠቀሙበት። ፖስታው ሲከፈት ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተው ይመዝገብ።

እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁንም መግቢያ ለሁለት ክፈሉት። ኢሜይል የምታዩበትና ኢንተርኔት የምትከፍቱበት ተራ አካውንት ይኑራችሁ። ሰርቨር የምታስተዳድሩበት ደግሞ ሌላ። አስተዳዳሪው ራሱ ያልጠበቀውን ሕግ ሠራተኛው እንዲጠብቅ መጠየቅ ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው፣ አንድ መግቢያ

አሁን ሰርቨሩ ላይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ዩዘርስ ኤንድ ኮምፒውተርስ የሚለውን ክፈቱ። የዩዘሮቹን ዝርዝር ከሰንጠረዣችሁ ጋር አስተያዩት። «ካሸር 1»፣ «ስቶር»፣ «ፋይናንስ» የሚሉ የጋራ ስሞች ካሉ እነሱ ናቸው የመጀመሪያ ሥራችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም አካውንት ክፈቱ። የጋራውን ለጊዜው ዲሴብል አድርጉት፤ ማለትም ሳትሰርዙ ዝጉት።

ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ሰዓት ገደብ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። አይሠራም። አምስት ሰው በሚጠቀምበት አካውንት ላይ የሰዓት ገደብ ብታስቀምጡ፣ ገደቡ የአምስቱንም ሰዓት ማቀፍ ስላለበት ባዶ ይሆናል።

የሕግ ጉዳይም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ነገር ግን ፓስወርዱ የአምስት ሰው ከሆነ ማን ገባ ይባላል? ማንስ ፈቃድ የለውም ይባላል?

ስለ ፓስወርዱም አንድ ነገር ልበል። ዶሜይኑ ሲፈጠር ያለው ቅንብር ፓስወርድ በየ42 ቀኑ እንዲቀየር ያስገድዳል፤ ከ7 ፊደል ጀምሮም ይቀበላል። እኔ ሁለቱንም እቀይራለሁ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በየጊዜው ማስቀየርን ከደህንነት ምክሮቹ አውጥቶታል። ሰው በየወሩ ሲያስቀይሩት መጨረሻው ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ ይቀይራል፤ ወይም ቢጫ ወረቀት ይለጥፋል። ከ14 ፊደል ያላነሰ፣ ከሦስት አራት የአማርኛ ቃላት የተገጣጠመ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ፓስወርድ ይሻላል። ለማስታወስ ይቀላል፤ ለመገመት ይከብዳል። ታወቀ ተብሎ የተጠረጠረ ፓስወርድ ግን በዚያው ሰዓት ይቀየር።

ደረጃ 4፦ ከየትኛው ኮምፒውተር?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ለጥቂት ሰው የሚሆን ነው። የዩዘሩን ስም ሁለቴ ተጫኑ። አካውንት የሚለውን ገጽ ክፈቱ። «ሎግ ኦን ቱ» የሚል በተን አለ። ካልተነካ ሁሉም ኮምፒውተር ክፍት ነው። «ዘ ፎሎዊንግ ኮምፒውተርስ» የሚለውን ምረጡና የተፈቀዱትን ኮምፒውተሮች ስም አንድ በአንድ አስገቡ። ያቺ ካሸር ከካሸር ክፍሉ ኮምፒውተር ውጭ መግባት ባትችል ይበቃታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም ስሙ ሲቀየር ዝርዝሩም መስተካከል አለበት። ካልሆነ ሠራተኛው አዲሱ ማሽን ላይ መግባት አይችልም። ሁለተኛ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በኔትወርክ፣ ወደ ሰርቨር ለሚገባ ሰው የሰርቨሩን ስም ብቻ መጻፍ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ተቀምጦ የሚሠራበት ኮምፒውተር ስምም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ሲበዛ ነው፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። የፋይናንስን ኮምፒውተሮች አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ እንደ ፎልደር ባለ በአንድ ኦርጋናይዜሽናል ዩኒት ውስጥ ሰብስቡ። የፋይናንስ ሠራተኞችን ደግሞ በአንድ ግሩፕ። ከዚያ አንድን ቅንብር ለብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚልከውን ግሩፕ ፖሊሲ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ለዚያ ዩኒት ብቻ አዲስ ፖሊሲ ፍጠሩ። መንገዱ ይህ ነው፦ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ ፖሊሲስ፣ ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሴኩሪቲ ሴቲንግስ፣ ሎካል ፖሊሲስ፣ ዩዘር ራይትስ አሳይንመንት። እዚያ «አላው ሎግ ኦን ሎካሊ» የሚለውን ክፈቱና ሁለት ስም ብቻ አስገቡ፦ አድሚኒስትሬተርስና የፋይናንስ ግሩፕ። የሽያጭ ሠራተኛ ፋይናንስ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም አያስገባውም። አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ግሩፑ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው።

እዚያው አካባቢ «ዲናይ ሎግ ኦን ሎካሊ» የሚል ሌላ ቅንብር ታያላችሁ። እባካችሁ ተጠንቀቁ። ክልከላና ፈቃድ ሲጋጩ ክልከላው ያሸንፋል። እዚያ ውስጥ «ዶሜይን ዩዘርስ» የሚለውን ግሩፕ ብታስገቡ እናንተም አስተዳዳሪዎቹ ትዘጋላችሁ፤ ምክንያቱም የአስተዳዳሪ አካውንቶችም በተለምዶ የዚያ ግሩፕ አባል ናቸው። ክልከላውን ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ለሚጠቀምባቸው የአገልግሎት አካውንቶች ተጠቀሙበት። ለምሳሌ ባክአፕ ለሚሠራው አካውንት። እሱ በኪቦርድ የሚገባበት ምክንያት የለም።

ፖሊሲ እንደተጻፈ ወዲያው አይደርስም። ኮምፒውተሮች አዲስ ፖሊሲ የሚያመጡት በየ90 ደቂቃው ነው፤ እስከ 30 ደቂቃም ሊጨመርበት ይችላል። «አልሠራም» ብላችሁ ደጋግማችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት።

ደረጃ 5፦ በየትኛው ሰዓት?

እኛ አገር ላይ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

የዩዘሩ አካውንት ገጽ ላይ «ሎግኦን አወርስ» የሚለውን ተጫኑ። የሳምንቱ 168 ሰዓት በሣጥን ተደርድሮ ይመጣል። ሰማያዊው የተፈቀደ፣ ነጩ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ከልክሉ፤ ከዚያ የሥራ ሰዓቱን ብቻ ፍቀዱ።

ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሥራ ከጠዋቱ 2:30 ይጀምራል ብላችሁ የ2ን ሣጥን ብትነኩ፣ ሠራተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲገባ ፈቀዳችሁ ማለት ነው። ከጠዋቱ 2:30 እዚያ 8:30 ነው፤ ማታ 11:30 ደግሞ 17:30። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ሣጥኖቹ ደግሞ ሙሉ ሰዓት እንጂ ግማሽ አይቀበሉም። እኔ ለተራ የቢሮ ሠራተኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እሰጣለሁ። በፈረንጁ ከ7 እስከ 19 ማለት ነው። ቀድሞ የሚመጣ አለ፤ ታክሲ አጥቶ የሚያመሽ አለ። ገደቡ ሌሊቱን ከዘጋ ዓላማውን መቷል።

የሰርቨሩንም ሰዓት እዩት። የሚወስነው የሠራተኛው ኮምፒውተር ሰዓት ሳይሆን የዶሜይን ኮንትሮለሩ ነው። የዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም። ናይሮቢን ምረጡ፤ የእኛም ሰዓት እሱው ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ የሚጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይሩ። የኮምፒውተሩና የሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ሲለያይ የመግቢያ ማጣሪያው እምቢ ሊል ይችላል። ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ይላል። እናንተ ደግሞ ግማሽ ቀን ኬብል ስትፈትሹ ትውላላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ሎግኦን አወርስ አዲስ መግቢያን ነው የሚከለክለው። ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ካሸሯ 11:30 ላይ ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ከሄደች፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ መሥራት ይችላል። የዚያ ደረሰኝ ጉዳይም እንዲህ ሳይሆን አልቀረም።

«ፎርስ ሎግኦፍ ዌን ሎግኦን አወርስ ኤክስፓየር» የሚል ቅንብር አለ። ስሙን አይቶ ችግሩ ተፈታ የሚል አለ። እሱ ግን የሚቆርጠው ከሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ዴስክቶፑ እንደተከፈተ ይቀራል። የምትፈልጉት ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ሌላ ቦታ ነው፦ ዩዘር ኮንፊገሬሽን፣ ፖሊሲስ፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ዊንዶውስ ሎግኦን ኦፕሽንስ። እዚያ ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ይደረግ የሚል ቅንብር አለ። ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ መቆለፍ፣ ማቋረጥ፣ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት። መቆለፍን እመክራለሁ። ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ያልተቀመጠ ሥራ ያጠፋል፤ አንድ ቀን የደመወዝ ሰነድ ከጠፋ ሁሉም ሰው ገደቡን ይጠላዋል።

ሰኔ 30ንም አትርሱ። የበጀት ዓመት ሲዘጋ፣ ቆጠራ ሲኖር፣ የፋይናንስና የመጋዘን ሰዎች ያመሻሉ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ሰዓቱን አስፉላቸው። መቼ እንደሚመለስም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። «ለጊዜው» ተብሎ ተከፍቶ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የቀረ አካውንት ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ የተሳሳተ ሙከራና ተከፍቶ የተተወ ስክሪን

ዶሜይኑ ሲፈጠር የተሳሳተ ፓስወርድ ገደብ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት የፈለገ ሰው የፈለገውን ያህል መሞከር ይችላል። ከዶሜይኑ ጋር አብሮ በሚፈጠረው በዲፎልት ዶሜይን ፖሊሲ ውስጥ አካውንት ሎክአውት ፖሊሲን ክፈቱ። 10 ሙከራ፣ 10 ደቂቃ መቆለፍ ጥሩ መነሻ ነው። ሦስት ሙከራ የሚያደርጉ አሉ፤ አልስማማም። ፓስወርዱን የቀየረ ሰው ስልኩ ላይ ያለው ኢሜይል በአሮጌው ፓስወርድ እየሞከረ ያለ ጥፋቱ ያስቆልፈዋል።

ከወንበር ሲነሱ ስክሪኑ በራሱ እንዲቆለፍም አድርጉ። «ማሺን ኢንአክቲቪቲ ሊሚት» ይባላል። የሚጻፈው በሰከንድ ነው። 900 ብትጽፉ 15 ደቂቃ ነው። ደንበኛ ፊት ለፊት ላሉ ኮምፒውተሮች 300 አድርጉት።

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ኮምፒውተር እንዳይገባ የሚከለክል ቅንብር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የለም። በደረጃ 4 የመጀመሪያ መንገድ አንድ ኮምፒውተር ብቻ በመፍቀድ ነው የሚቀራረበው።

ደረጃ 7፦ የሚሄድ ሰው

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞራል። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ያለውም ያስፈርማል። የአይቲ ፊርማ ግን ብዙ ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። አንድ መስመር እንዲጨመር ጠይቁ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ልታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

የሚሄደውን ሰው አካውንት ዲሴብል አድርጉ፤ አትሰርዙት። ከተሰረዘ በኋላ በዚያው ስም አዲስ ብትፈጥሩ ለሲስተሙ ሌላ ሰው ነው። የድሮ ፋይሎች ባለቤት የነበረው ስምም ትርጉም የሌለው ረጅም ቁጥር ይሆናል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተዘግቶ ይቆይ።

ላፕቶፕ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ መዝጋቱ ብቻ አይበቃም። ዊንዶውስ ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን ለማስገባት የቅርብ ጊዜ መግቢያዎችን ያስታውሳል፤ ቁጥሩ ካልተቀየረ 10 ነው። ሰውዬው ኔትወርክ ሳይነካ ቤቱ ሆኖ በድሮ ፓስወርዱ ላፕቶፑን መክፈት ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ሳትረከቡ ክሊራንሱን አትፈርሙ። ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያስከፍቱት ኤኒዴስክና ቲምቪወር የተጫነበት ኮምፒውተር ካለም ፓስወርዱን ቀይሩ ወይም አጥፉት። የዋይፋይ ፓስወርድም እንዲሁ።

ለተለማማጅ፣ ለኮንትራት ሠራተኛና ለውጭ ኦዲተር ሲከፈት ጀምሮ የሚያበቃበትን ቀን ስጡት። አካውንት ገጹ ታች ላይ «አካውንት ኤክስፓየርስ» የሚል አለ። ኦዲተሩ ለሦስት ሳምንት ከመጣ ለሦስት ሳምንት ይከፈትለት።

ደረጃ 8፦ የሒሳብ ሶፍትዌሩ

ዊንዶውስን ብቻ ቆልፎ መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደመተው ነው። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ የዩዘር ቅንብር አለው። እዚያም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና ፓስወርድ ስጡ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው መሰረዝ እንዳይችል አድርጉ። ዳታው የተቀመጠበት የጋራ ፎልደርም ለፋይናንስ ግሩፕ ብቻ ይከፈት። አለበለዚያ ፕሮግራሙ የቆለፈውን ዳታ ሰው ፎልደሩን ቀድቶ በፍላሽ ይወስደዋል።

ደረጃ 9፦ መዝገቡን ማየት

ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሴኩሪቲ። ሦስት ቁጥር ያዙ። 4624 የተሳካ መግቢያ ነው። 4625 ያልተሳካ ሙከራ። 4740 የተቆለፈ አካውንት። 4625 የሚጻፈው ሙከራው በተደረገበት ኮምፒውተር ላይ ነው። 4740 ግን ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ይገኛል፤ ሙከራው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣም ስሙን ይነግራችኋል። ሰኞ ጠዋት አሥር ደቂቃ ስጡት። እሑድ ሌሊት የመጋዘን ኮምፒውተር ላይ አሥራ ሁለት 4625 ካያችሁ ለኃላፊው የምትናገሩት ነገር አላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። በአንድ ክፍል፣ ሦስት አራት ሰው ባለበት፣ አንድ ሳምንት ሞክሩት። አርብ ከሰዓት ፖሊሲ አትቀይሩ፤ ቅዳሜ የሚገባ ሰው ተዘግቶበት ይውላል። በሳምንቱ ውስጥ የመጣውን ቅሬታ ሁሉ ጻፉ፣ ሰንጠረዡን አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሂዱ። ከመዝጋታችሁ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ ምን እንደሚዘጋ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ማምሸት ሲኖርባቸው ለማን እንደሚደውሉ ንገሯቸው። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት አትማችሁ ለጥፉላቸው። ያ ቢጫ ወረቀት ከነበረበት ቦታ ላይ።